የተመታ ጭን አይታሽ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በሰፈር ሜዳዎች በተጋጣሚው ጉልበት ጭኑን የተመታ ተጫዋች ወዲያው በቅባት ይታሻል። ጉዳቱን የሚያባብሰው ይኸው እሽት ነው። ጡንቻው ውስጥ ደም እየፈሰሰ ሳለ ማሸትም ሆነ ሙቅ ውሃ መያዝ ደሙን ያበዛል። አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ ጡንቻው ውስጥ አጥንት ይበቅላል፤ በራጅ ይታያል።

የሚበጀው ሌላ ነው። በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ጉልበቱን ሕመሙ እስከፈቀደ፣ ቢቻል እስከ 120 ዲግሪ፣ አጥፎ በላስቲክ ፋሻ ማሰርና እስከ 24 ሰዓት በክራንች መንቀሳቀስ። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ፋሻው ጠብቋልና ይላላ። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ በየ2 ወይም 3 ሰዓቱ ለ20 ደቂቃ ይያዝለት። ጨርቁ ከሌለ በረዶው ራሱ ቆዳ ያቆስላል። ጭኑ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ፣ እግሩ ከደነዘዘ ወይም ሕመሙ ተኝቶም እየባሰ ከሄደ ሳይውል ሳያድር በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው።

ስለ አረጋውያንም አንድ ነገር፦ ወድቀው እግራቸው አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ የዳሌ ስብራት ይጠርጠር። ወጌሻ ጎትቶ አይመልሰውም፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። ሳያስነሱ፣ ሳይጎትቱ፣ በጠፍጣፋ ነገር አስተኝቶ መውሰድ ነው። ጥቂት መራመድ መቻላቸውም አያዘናጋ፤ አጥንቱ ከቦታው ያልተላቀቀ ስብራት ሊያራምድ ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች