የትኛው ሊኑክስ ላይ?

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ስለ ኮንቴነር (ፕሮግራምን ከሚያስፈልጉት ነገሮች ጋር አሽጎ ለብቻው ስለሚያስኬደው ዘዴ) ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ምንነቱን ያስረዳችሁበት መንገድ ደስ ይላል፣ በርቱ። ኮንቴነር የሚያስኬደው ፕሮግራም፣ የዶከር፣ አጫጫን ላይ ስትደርሱ ግን «ሊኑክስ የምትጠቀሙ ይቺን አንድ መስመር ኮፒ ፔስት አድርጉ፣ በቃ» ብላችሁ አለፋችሁት። እንዴት በቃ? ሊኑክስ እኮ ኡቡንቱ፣ ሚንት፣ ፌዶራ፣ አርች፣ አልፓይን እያለ ብዙ ዓይነት አለው። የትኛው ሊኑክስ ላይ?

ያቺ መስመር ስክሪፕት ከኢንተርኔት አውርዳ እዚያው በሩት (በማሽኑ ሙሉ አዛዥ) ሥልጣን የምታስኬድ ናት። የዶከር ሰነድ ራሱ ለሙከራ ማሽን እንጂ ለዋና ሰርቨር አይመክራትም። አንባቢያችሁ ደግሞ ነገ የሚጭነው ደንበኞች በሚጠቀሙበት ሰርቨር ላይ ሊሆን ይችላል። ይህን መጻፍ ሁለት ዓረፍተ ነገር አይፈጅም ነበር።

ከኡቡንቱና ከዴቢያን ልጀምር። እነሱ ራሳቸው የሚያሰናዱት ፓኬጅ (ለመጫን የተዘጋጀው ፕሮግራም) «ዶከር ዶት አይኦ» ይባላል፤ «ዶከር» የሚለውን ስም ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ቀድሞ ስለያዘው ነው። የዶከር ኩባንያ በራሱ ማከማቻ (ፓኬጅ በሚወርድበት ሰርቨር) የሚያቀርበው ደግሞ «ዶከር ሲኢ» ነው። ሁለቱም ይሠራሉ። ጣጣው የሚመጣው ሰው አንዱን ጭኖ ረስቶት በላዩ ሌላውን ሲጭን ነው፤ አብሯቸው የሚመጣው፣ ኮንቴነሮቹን ከሥር የሚያስኬደው ኮንቴነርዲ ይጋጭና ፓኬጅ የሚጭነው ኤፕት አሻፈረኝ ይላል። የቆየውን አስቀድሞ ማጥፋት ነው መፍትሔው።

ሊኑክስ ሚንት ላይ ያለው ደግሞ የባሰ ያደናግራል። ሚንት ከኡቡንቱ የተሠራ ስለሆነ ሰው የኡቡንቱን መመሪያ ይከተላል፣ ልክም ነው። ግን ብዙ የቆዩ መመሪያዎች ማከማቻውን ሲያስገቡ የሲስተሙን የኮድ ስም ከማሽኑ ጠይቀው ነው የሚጽፉት። ሚንት 21 ሲጠየቅ «ቫኔሳ» ይላል። የዶከር ማከማቻ ቫኔሳ የምትባል አያውቅም፤ የሚያውቀው የኡቡንቱ 22.04ን ስም፣ «ጃሚ»ን ነው። ስለዚህ ኤፕት 404 («አልተገኘም») ብሎ ይመለሳል፣ ተጠቃሚው ኢንተርኔቱን ይጠረጥራል፣ ራውተሩን አጥፍቶ ያበራል... «ኦኤስ-ሪሊዝ» የሚባለውን ፋይል ከፍቶ ቢያይ ግን ሁለቱም ስሞች እዚያው ተጽፈዋል። ቫኔሳን በጃሚ መተካት ብቻ ነው።

ፌዶራ ላይ ዶከር መጫን ይቻላል፣ እኔ ግን የዶከርን ዓይነት ሥራ የሚሠራውን ፖድማንን እመርጣለሁ። የፌዶራ ደጋፊ የሆነው ሬድ ሃት እ.ኤ.አ. በ2019 የራሱን ሊኑክስ ቨርዥን 8 ሲያወጣ ዶከርን ትቶ ፖድማንን ነው ያቀረበው። ከጀርባ ሁልጊዜ የሚሠራ ሰርቪስ አይፈልግም፣ ያለ ሩት ይሠራል፣ ትዕዛዞቹም ከሞላ ጎደል ያው ናቸው። እዚህ ቤት ሰው የሚያስለቅሰው የደኅንነት ጠባቂው ኤስኢሊኑክስ ነው። ፎልደር ከኮንቴነሩ ጋር ታገናኛለህ፣ ፈቃዱ ሁሉ ትክክል ነው፣ እሱ ግን «ፈቃድ የለህም» ይልሃል። ብዙ ሰው ኤስኢሊኑክስን ጨርሶ ያጠፋዋል፤ ትኋን ለመግደል ቤት ማቃጠል ማለት ነው። ፎልደሩን በምታገናኝበት ቦታ መጨረሻ ላይ ሁለት ነጥብና ትልቁን «ዜድ» መጨመር ይበቃ ነበር። ብቻ ሙሉ የሆም ፎልደርህ ላይ እንዳታደርገው፣ የፋይሎቹን የኤስኢሊኑክስ መለያ ሁሉ ይቀይርብሃል።

አርች ላይ መጫኑ ቀላል ነው፣ ግን ከተጫነ በኋላ ራሱ አይነሳም፤ ሰርቪሱን አንተ ነህ የምታስነሳው። ዴቢያን የለመደ ሰው እዚህ ይደናገራል። አልፓይን ላይ ሰርቪስ የሚያስነሳው ሲስተምዲ ስለሌለ የለመድነው ትዕዛዝ አይሠራም፣ በኦፕንአርሲ ነው የሚሄደው።

ሊኑክስ ስላልሆነው ክፍት ምንጭ ሲስተም፣ ስለ ፍሪቢኤስዲ፣ አንድም ቃል አለማንሳታችሁ ግን ገረመኝ፤ ርዕሳችሁ እኮ «ክፍት ምንጭ ሲስተሞች» ነበር የሚለው። ፍሪቢኤስዲ ፕሮግራምን ለይቶ የሚያስኬደውን፣ ጄይል የሚባለውን እ.ኤ.አ. በ2000 ሲያወጣ ዶከር ገና 13 ዓመት ይቀረው ነበር። ዶከርን እንደ ሊኑክስ እዚያ መጫን የማይቻለው ኮንቴነር የአስተናጋጁን ማሽን ከርነል (የሲስተሙን እምብርት) ስለሚጋራና የዶከር ሞተር የተሠራው ለሊኑክስ ከርነል ስለሆነ ነው። ፖድማን ግን አለ።

የመጨረሻው፣ በጣም ያሳሰበኝም እሱ ነው። «ሱዶ ላለመጻፍ ራሳችሁን ዶከር ግሩፕ ውስጥ አስገቡ» ብላችኋል፤ ሱዶ ትዕዛዝን በሩት ሥልጣን የሚያስኬደው ቃል ነው። እዚያ ግሩፕ ውስጥ ያለ ሰው ሙሉውን ዲስክ ከኮንቴነር ጋር አገናኝቶ እንደ ሩት ያሻውን ማድረግ ይችላል። ለብቻህ በምትጠቀምበት ላፕቶፕ ላይ ይሁን። ብዙ ሰው በሚገባበት ሰርቨር ላይ ግን ለሁሉም የሩት ቁልፍ አደላችሁ ማለት ነው። ፋየርዎሉም እንደዚሁ፤ ዶከር የከፈተው ፖርት (የኔትወርክ በር) ዩኤፍደብሊው የሚባለው የፋየርዎል መቆጣጠሪያ «ዝጋ» ቢባልም ክፍት ሆኖ ይቀራል፣ ዶከር የራሱን ሕግ በጎን ስለሚያስገባ።

ሌላውን በሌላ ጊዜ ብትመለሱበት ግድ የለም። የግሩፑንና የፋየርዎሉን ነገር ግን በሚቀጥለው እትም አርሙልን፣ ጽሑፉን አይቶ የጫነ ሰው አሁንም ፖርቱ ክፍት ነው።

አንባቢያችሁ