በዋልካ ላይ ምላጭ ስለሚያወርዱ ትራክተሮች

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የገጠር መንገድ በክረምት ስለሚደርስበት ጉዳት የምታወጧቸውን ዘገባዎች በትኩረት አነባለሁ። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ብዙ ቀበሌዎችን ከወረዳ ከተማቸው ጋር ማገናኘቱን የሚክድ የለም። ሆኖም ከዚያ መንገድ ተገንጥሎ ወደ ጤና ኬላው፣ ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ወደ እህል መጋዘኑ ወይም ወደ ወፍጮ ቤቱ በር የሚያደርሰው፣ ሁለት መቶ ሜትር እንኳ የማይሞላው መግቢያ በማንም ዕቅድ ውስጥ ስለማይገባ፣ ጥገናው በየዓመቱ ለአንድ ቀን በሚከራይ ትራክተር ላይ ይወድቃል። ይህ የአንድ ቀን ሥራ ያለ ወቅቱና ያለ መሣሪያው እየተሠራ መግቢያዎቻችንን ከዓመት ወደ ዓመት እያባሰ መሆኑን ለማመልከት ነው ይህን ደብዳቤ የምጽፈው።

የምኖረው በምሥራቅ ጎጃም፣ ቢቸና አጠገብ ነው። ከደጀን እስከ ቢቸና ያለውን አገር ለረገጠ ሰው ዋልካን ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ ላልረገጠው ግን፣ ይህ ጥቁር የሸክላ አፈር ውኃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ ደግሞ ተኮማትሮ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ ነው። በሰኔና በሐምሌ ማዳበሪያ የጫነ ኢሱዙ ይገባበታል፣ ተጎታች ያሰረ ትራክተር ይከተለዋል፣ ጎማ በረገጠበት ሁሉ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦይ ይቀራል። ዝናቡ ቆሞ የጥቅምት ፀሐይ ሲወጣ ያ ሁሉ የጎማ ዱካ እንደ ተቀረጸ ደርቆ ይቀራል። ባጃጅ ሆዱ ተንጠልጥሎ የሚቀርበት፣ የተጫነች አህያ የምትሰናከልበት፣ ምጥ የያዛትን ሴት ከጤና ኬላው በር ላይ አውርዶ በሰው ሸክም ማስገባት ግድ የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው።

ያን ጊዜ ገንዘብ ተዋጥቶ ትራክተር ይጠራል፤ ብዙውን ጊዜ በኅዳር መጨረሻ ወይም በታኅሣሥ። ሾፌሩ ከኋላ ምላጭ፣ ማለትም መሬት የሚልገውን ሰፊ ብረት፣ አስሮ ይመጣል፣ ምላጩንም አውርዶ ይነዳል፤ ምላጩ ግን እየጮኸ ከላይ ከላይ ይንሸራተታል። ክብደት ይጨመርለት ተብሎ ድንጋይ ይጫንበታል፣ የማያያዣው ፒን ይሰበራል፣ ከሰዓት በኋላም የጎማው ዱካ እንዳለ ሆኖ አናቱ ብቻ ተላጭቶ ሥራው ተጠናቀቀ ይባላል።

ይህን ሳይ የማስታውሰው ሩቅ አገር ነው። 11 ዓመት በሰሜናዊ ሚኒሶታ በአንድ መጋዘን ግቢ በጥገና ሥራ ተቀጥሬ ስኖር፣ ከአስፋልቱ እስከ መጋዘኑ በር ያለውን መግቢያ ከበረዶ የማጽዳቱ ሥራ የእኔ ነበር። እዚህ ላይ ቋንቋችን ትንሽ ያስቸግራል፤ እኛ በረዶ የምንለው ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ እንደ ጥጥ የሚረግፈውንም፣ ውኃ ረግቶ ድንጋይ የሚሆነውንም ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው የጮቄ ተራራ ላይ የሚጥለው የመጀመሪያው ዓይነት፣ ፀሐይ ከወጣ ብዙ ስለማይቆይ ለትራክተር ሥራ የሚተርፍ አይደለም። እዚያ ግን በጥር ወር ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ መውረዱ የተለመደ ስለሆነ፣ እንደ ጥጥ የረገፈው ሳይጠረግ መኪና ከረገጠው ይጠቀጠቅና በማግስቱ ከአስፋልቱ ጋር ተጣብቆ ድፍን ድንጋይ ይሆናል።

በመጀመሪያው ዓመት እኔም ያደረግሁት ሾፌሮቻችን ዛሬ የሚያደርጉትን ነው። ምላጩን ጣልሁበት፤ ትራክተሩ በኋላ ጎማው ላይ ሰንሰለት ታጥቆ እንኳ ወደ ጎን ተንሸራትቶ አጥር ሊሰብር ምንም አልቀረውም። የፊቱን የሎደር ባልዲ አፍንጫውን ደፍቼ ብሞክር ደግሞ የአስፋልቱን ጠርዝ ነቀልሁት። በኋላ ያስተማሩኝ ሽማግሌ ሠራተኛ መጀመሪያ ጥርስ ባለው መሣሪያ በረዶውን ይቧጥጡታል፣ በተቧጠጠው መስመር ጨው ይበትናሉ፣ ከዚያም ቡናቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ጨዋማው ውኃ በጭረቱ ሰርጎ በረዶውን ከአስፋልቱ ካላቀቀው በኋላ ያው ምላጭ፣ በዚያው ትራክተር ላይ እንደ ታሰረ፣ በረዶውን እንደ ምጣድ ክዳን ሰፋፊ አድርጎ ያነሣዋል። ተራ ጨው ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ገደማ ካለፈ ኃይሉ እጅግ ስለሚደክም፣ እንዲህ ባለው ቀን አሸዋ በትነው ለሥራው ሞቅ ያለ ቀን ይጠብቁ ነበር። ሰውየው ከሥራው ይልቅ በመጠበቁ ነበር የሚደነቁት።

ከዚያ ሥራ ለዋልካ የሚሆነው ሁለት ነገር ነው፤ ጊዜውን መጠበቅና ከምላጭ በፊት ጥርስ ማስገባት። ሦስተኛውን ነገር ግን፣ ማለትም የተነሣውን ወደ ዳር ገፍቶ መጣሉን፣ ለዋልካ ማዋል ጥፋት ነው። በረዶ ትርፍ ነገር ነው፤ ዳር ላይ ቢከመር በፀደይ ቀልጦ ይሄዳል። እኛ የምንልገው አፈር ግን ራሱ መንገዱ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በሰፈራችን ያለ አንድ መግቢያ በዚህ ዓይነት ተልጎ አፈሩ በግራና በቀኝ እንደ ግንብ ተከመረ፤ ለአንድ በጋም እንደ ምንጣፍ ለጥ ብሎ ሁሉን አስደሰተ። ሐምሌ ሲገባ መሐሉ ከሁለቱ ዳሮች ዝቅ ብሎ ስለነበር የጎረቤት ማሳ ውኃ ሁሉ በእርሱ ወረደ። አንድ አዛውንት ጎረቤቴ በጃንጥላቸው ሥር ቆመው፣ «ልጄ፣ መንገድ ጠረጉልን ወይስ ወንዝ ቀደዱልን?» ያሉኝን አልረሳውም።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ሥራው አፈሩ ሳይጠጥር፣ እንደ ዝናቡ አወጣጥ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ይሠራ። ቀኑን በአቆጣጠር ብቻ መወሰን ግን አይቻልም፤ ከጎማው ዱካ ጥልቅ ቦታ ላይ አንድ እፍኝ አፈር ወስዶ በመዳፍ መካከል እንደ ገመድ ማድበልበል ይበቃል። ገመዱ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ቀጥኖም ካልተበጠሰ ገና ርጥብ ነው፣ ትራክተሩ ይሰምጣል፣ አፈሩም ከምላጩ ላይ ተጣብቆ አይለቅም። 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲደርስ የሚፈረካከስ ከሆነ ቀኑ ደርሷል። ጭራሽ አልድበለበልም ካለ አልፏል። ዋልካ በሁለቱ መካከል የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ብቻ ስለሆነ፣ ትራክተሩን አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል፤ በእኛ አካባቢ ደግሞ የእርሻው ሥራ አልቆ አጨዳው እስኪጀምር ብዙዎቹ ትራክተሮች ሥራ ፈተው የሚቆሙት በዚሁ ጊዜ ነው።

በሥራው ቀን በመጀመሪያ በዝግተኛው ማርሽ እየተነዳ የዱካው ጉብታ በጥርስ ይፈረካከስ። ቀጥሎ ምላጩ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ሰያፍ ይታሰር፤ ከግራ ዳር ሲነሣ አፈሩን ወደ መሐል፣ ከቀኝ ዳር ሲመለስም ወደ መሐል እንዲያመጣ። ስፋቱ 4 ሜትር በሆነ መግቢያ ላይ መሐሉ ከዳሮቹ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ ውኃው ሳይተኛ ወደ ጎን ይወርዳል። ከዚያ የዳርና የዳር ቦዮቹ በዶማ ተከፍተው መውጫ ይበጅላቸው፣ ትራክተሩም ጎማው ያልረገጠው ቦታ እስከማይቀር ድረስ ባዶውን ይመላለስበት። ገረጋንቲ፣ ማለትም ለመንገድ የሚደፋ ጠጠርማ አፈር፣ ማግኘት ለቻለ የሚደፋው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ባልተስተካከለ ዋልካ ላይ የተደፋ ገረጋንቲ በአንድ ክረምት ሲዋጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

መሣሪያው ከውጭ አገር የሚመጣ አይደለም። እኔ በአንድ ብየዳ ቤት ያሠራሁት፣ ምላጩ ካረጀ የግሬደር ምላጭ የተቆረጠ፣ ጥርሶቹም ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ የተበጁ ሆነው፣ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። አንዱ ጥርስ በድንጋይ ተጣምሞ አንድ ጊዜ አስቀይሬያለሁ፤ ከዚህ ሌላ ወጪ አላወጣሁበትም። የቀበሌና የወረዳ መንገድ ባለሙያዎች ትራክተር ከማስመጣታቸው በፊት ባለቤቱን «ጥርስ አለህ ወይ?» ብለው ቢጠይቁ፣ ክፍያውንም በሰዓት ሳይሆን መሐሉ ከዳሩ ከፍ ማለቱ በገመድ ተለክቶ ቢፈጽሙ፣ የሾፌሮቹ አሠራር በአንድ ዓመት ውስጥ ይለወጣል ብዬ አምናለሁ።

ዝግጅት ክፍሉ ይህን ደብዳቤ ለማተም ፈቃዱ ከሆነ ከመስከረም 20 በፊት እንዲያወጣልን እለምናለሁ፤ ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ቢወጣ ለዘንድሮ አይደርስም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከቢቸና አካባቢ