ለአባቴ፦ ስለ እንጀራዬ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «ለመሆኑ ንግግርም በትምህርት ቤት ይማሩታል?» ብለው ሲጠይቁኝ በችኮላ ስለመለስሁልዎ፣ ይኸው በጽሑፍ ላስረዳዎ። እዚህ ሜሪላንድ በማስተምርበት የሁለት ዓመት ኮሌጅ፣ ለነርስነት የሚዘጋጀውም ሆነ ሒሳብ አያያዝ የሚማረው በሰው ፊት ቆሞ መናገርን ባለ 3 ክሬዲት ትምህርት አድርጎ ይወስደዋል። በአሜሪካ የንግግር መምህራን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1914 ከእንግሊዝኛ መምህራን ማኅበር ተለይተው የራሳቸውን ሲያቋቁሙ 17 ብቻ ነበሩ። የሚነገር ቃል ከሚጻፍ ቃል የተለየ ጥበብ ነውና ራሱን ችሎ መቆሙ ተገቢ ነበር እላለሁ። ክፍያዬ በኮርስ የሚታሰብ፣ ውሌም በየሴሚስተሩ የሚታደስ በመሆኑ፣ በክረምት የምልከው ገንዘብ የሚያንሰው ስለዚህ ነው እንጂ ረስቼዎ አይደለም።

በዚህ ሥራ ከሁሉ የከበደኝ የዐይን ነገር ነው። እርስዎ ከታላቅ ጋር ስነጋገር ዐይኔን ሰበር እንዳደርግ አሳድገውኛል፤ እዚህ ግን አድማጩን የማያይ ተናጋሪ የሚደብቀው ነገር ያለው ስለሚመስል ነጥብ ይቀነስበታል። እኔ ራሴ ዓመታት ፈጅቶብኛልና፣ በመጀመሪያው ንግግር ስለ ዐይን ከማንም አልቀንስም።

በዚህ ሴሚስተር ሌሊት አረጋውያን ስትጦር አድራ ጠዋት የምትማር አንዲት የአገራችን ልጅ ነበረችኝ። ተራዋ ደርሶ ስትቆም፣ የያዘችው ካርድ ሲንቀጠቀጥ ድምፁ እኔ እስከተቀመጥሁበት ይሰማ ነበር። ርእሷ የአልጋ ቁራኛ የሆነ ሰው ገላው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ እንዴት እንደሚገላበጥ ነበርና፣ አንዱን እጅ ከትከሻ ሌላውን ከዳሌ አድርጋ ለማሳየት ካርዱን ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ከዚያ በኋላ ካርዱን አላነሣችውም፤ ቀና ብላ አንድ በአንድ እያየችን ጨረሰች። ዐይኗን ያነሣላት የኔ ትምህርት ሳይሆን በእጇ የምታውቀው ሥራ ነው፤ እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ተማሪዎቼን ርእሳችሁን ከምትሠሩት ምረጡ እላቸዋለሁ።

አንድ ነገር ልለምንዎ። አያቴ በበላ ልበልሃ ሲሟገቱ በልጅነትዎ ያዩትን፣ እንዴት እንደቆሙ፣ በትራቸውን ወዴት እንደዘረጉ፣ ሲወራረዱ ምን እንዳሉ፣ እሑድ ስደውል ሳያሳጥሩ ይንገሩኝ። ልጽፈውና ለተማሪዎቼ ላሳያቸው እፈልጋለሁ።

እማማን ጉልበቷን ሳሙልኝ።

አክባሪ ልጅዎ