የሚኒ ሚዲያ ክበብ፦ ከድምፅ ማጉያ ወደ ፖድካስት

የሚኒ ሚዲያ አድማጭ ምርጫ የለውም። ጠዋት ለሰንደቅ ዓላማ ተሰልፎ ይሰማናል። በእረፍት ሰዓትም ሳምቡሳውን እየገመጠ ይሰማናል፤ ድምፅ ማጉያው አናቱ ላይ ነው የተሰቀለው። ብናሰለቸውም ጥሎን የሚሄድበት የለውም። ዘንድሮ ክበባችን ፖድካስት ሲጀምር የተቀየረው ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ፖድካስት የሚሰማ ሰው ካልጣመው በአውራ ጣቱ ይዘጋሃል።

«ታዲያ ከሬዲዮ በምን ይለያል?» አለ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ። ደህና ጥያቄ ነው። ሬዲዮን በሰዓቱ ካልከፈትከው ያመልጥሃል። ፖድካስት ግን ፋይል ነው፤ ሲመችህ ትሰማዋለህ። አር.ኤስ.ኤስ በሚባል አሠራር አንዴ የተመዘገበ ሰው፣ አዲስ ክፍል በወጣ ቁጥር ስልኩ ራሱ ያመጣለታል። አፕል ፖድካስትን እ.ኤ.አ. በ2005 አይቱንስ በሚባለው የሙዚቃ ማጫወቻ ፕሮግራሙ ውስጥ ካስገባው በኋላ ብዙ ሰው ለመደው። እኛ ግን የምናወጣው በቴሌግራም ቻናል ነው። «ይሄማ ፖድካስት አይባልም» የሚል ይኖራል። ይበል። ደሴ ላይ ልጆቹም ወላጆቻቸውም ያሉት ቴሌግራም ላይ ነው።

መስከረምና ጥቅምት ምንም አልቀረጽንም፤ ስናዳምጥ ብቻ ቆየን። ልጆቹ ይህን አልወደዱትም፤ ሁሉም ማይክ መጨበጥ ነው የሚፈልገው። ሥራው ቀላል ነበር። የአማርኛ ፖድካስቶችን አውርደን አይ.ሲ.ቲ ክፍል እንከፍታለን፤ እያንዳንዱ ልጅ ሐሳቡ የሸሸበትን ደቂቃ ይጽፋል። ወረቀቶቹን ስናስተያይ ብዙዎቹ ልጆች የሸሹት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ መግቢያው ላይ። ሙዚቃ፣ ሰላምታ፣ ምስጋና፣ እንደገና ሙዚቃ። «ውድ አድማጮቻችን እንደምን ሰነበታችሁ» የምትለዋ የሚኒ ሚዲያ መክፈቻችን ያን ቀን ሞተች። ከዚያ በኋላ ሕጋችን አንድ ሆነ፤ መጀመሪያ ጉዳዩ፣ ሰላምታው ቀጥሎ።

ቀረጻው የተሠራው በእኛ በመምህራን ስልክ ነው። ተማሪ ስልክ ይዞ አይገባም፤ ደንቡ ደንብ ነው። ስቱዲዮው የስፖርት ዕቃ ክፍል ነው። እዚያ የተደረደሩት የጂምናስቲክ ፍራሾች የድምፁን ማስተጋባት ይውጡታል። ባዶ ክፍል ውስጥ የተቀረጸ ድምፅ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ሰው ይመስላል። ስልኩን ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል እናርቃለን፤ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን። ያለበለዚያ «ፐ» ስትነገር ትንፋሹ ማይኩን ይመታዋል። የኛ ልጆች ደግሞ «ፕሮግራማችን» ሳይሉ ዓረፍተ ነገር አይጨርሱም! ስልኩ ፍላይት ሞድ ላይ ይሆናል። በመጨረሻም ሁሉም ዝም ብሎ የክፍሉ ጸጥታ ለግማሽ ደቂቃ ይቀረጻል፤ ሲቆረጥ ለሚፈጠረው ክፍተት መጣፊያ ነው። ይህን ግማሽ ደቂቃ ሳይስቁ መጨረስ ከሁሉም የከበደን ነገር ነው።

የበልግ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ቀረጻ የለም። አዛኑና የቤተ ክርስቲያን ደወሉ ሲገቡብን ግን አንቆርጣቸውም። ደሴ ነው ያለነው።

አርትዖቱን የሠራነው ኦዳሲቲ በሚባል ነጻ ሶፍትዌር ነው። እዚህ ላይ ልጆቹን የያዛቸው የማጽዳት አባዜ ነው። «እእ»ንም፣ «ያው»ንም፣ «ማለት ነው»ንም ለቅመው ካወጡ በኋላ ተናጋሪው ሰው መምሰሉ ቀረ። ግማሹን መለስነው። ፋይሉን በሞኖ (ለሁለቱም ጆሮ አንድ ዓይነት ድምፅ) በሰከንድ በ64 ኪሎቢት ስናወጣው አሥር ደቂቃው 5 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ በ128 እጥፍ ነው። ዳታ በብር ለሚገዛ ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ዳታ ለሌለው በብሉቱዝ እንልካለን።

ከዓመቱ ሥራ እኔ የምመርጠው የሴት አያቶቹን ክፍል ነው። አንዷ ተማሪ ሙጋድ ሰፈር ያሉ አያቷን ስለ ድሮ ሠርግ ልትጠይቅ ሄደች። አያትየዋ ስልኩን ሲያዩ ጭጭ አሉ። «አብሽሪ ልጄ፣ መጀመሪያ ቡናው ይድረስ» አሏት። አቦሉ በ«ደህና ነን» አለቀ። ቶናው ላይ ትንሽ ተጀመረ። ጨዋታው የደራው በረካው ላይ ነው፤ ያኔ ልጅቷ ጥያቄዎቿን ጨርሳ ደብተሯን አጥፋ ነበር። ደግነቱ ስልኩን አላጠፋችውም። ጎረቤት ለሠርግ ዕቃ ሲዋዋስ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም የየራሱ ሥጋ ተለይቶ ሲሠራለት የነበረውን ሁሉ የነገሯት ያኔ ነው። ከመውጣቱ በፊት አሰማናቸው። ስለ አንዲት ጎረቤት ያወሩትን «ይቺን አውጧት» አሉ፤ አወጣናት። ክፍሉ ትንሽ ቀዘቀዘ። ቢሆንም ታሪኩ የሳቸው ነው።

ብዙ ተማሪ የወደደው ግን ሌላ ነው፤ የአራቱን ቅኝቶች ክፍል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ባቲና አምባሰል የወሎ አገር ስሞች መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል፤ በጆሮው ለይቶ የሚያውቃቸው ግን ጥቂቱ ነው። ክራር የሚጫወት የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ክራሩን በየቅኝቱ እየቃኘ አንዷን ዜማ በአራቱም አሰማን። እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ሲቀየር ግን ስሜቱ ሌላ ይሆናል። ይህን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ብጽፈው ማንም አይገባውም ነበር። ጭውውቶቻችንን በተመለከተ ዝም ብል ይሻላል፤ ልጆቹም ያውቁታል።

በሚቀጥለው ዓመት የባቲን የሰኞ ገበያ እዚያው ሄደን ልንቀርጽ አስበናል፤ መኪና ከተገኘ። ልብስ ላይ የሚሰካ አንድ ማይክም ያስፈልገናል። ቤታችሁ የተቀመጠ የጆሮ ማዳመጫ ያላችሁ ወላጆች በልጆቻችሁ በኩል ብትልኩልን በደስታ እንቀበላለን፤ አንድ ጆሮው ብቻ የሚሠራም ይሆነናል። ምዝገባ መስከረም ላይ ነው። ማይክ መጨበጥ ብቻ ለሚፈልግ፣ የጠዋቱ ድምፅ ማጉያ አሁንም አለ።