የመርከቡ ዋጋና የጀንፈሉ ሂሳብ

ልጄ፣

እንዴት ነሽ? እኛ ደህና ነን። ጅማ ዝናቡ አላባራ ብሎ ግቢው ጭቃ ሆኗል፤ መብራቱም ሄድ መጣ ይላል። ደብዳቤው መሃል ላይ ከተቆረጠብሽ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ነው።

በድምፅ የላክሽውን ሁለት ጊዜ ሰማሁት። ተናደሻል። አንቺ ለንደን፣ የአክስትሽ ልጅ ቨርጂኒያ ሆናችሁ አብረን ለምንሄደው ጉዞ አንድ የሽርሽር መርከብ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ዓይነት ባለ በረንዳ ክፍል ጠይቃችሁ ለእሷ የተነገራት ዋጋ ካንቺው በብዙ አነሰ። «አባዬ፣ በእሷ አድራሻ ልግዛው?» አልሽ። አይሆንም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ ግን መጀመሪያ ንዴቱን እንይው።

ቡና ንግድ ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድ ሰውዬ ከጎማ ወረዳ መጥቶ ሂርማታ ገበያ ላይ የፈረሱላውን ዋጋ ነገረኝ። እንዴት ረከሰ ብዬ ቶሎ እጁን መታሁ፤ ሌላ ሰው እንዳይቀድመኝ ፈርቼ ጆንያውን እንኳ አልፈታሁም። ለካ እሱ የሚያወራው ስለ ጀንፈል፣ ገና ከነገለባው ስላለው ቡና ነው፣ እኔ በጭንቅላቴ የያዝኩት ደግሞ የተፈለፈለውን ዋጋ። ሁለት ኪሎ ጀንፈል ተፈልፍሎ የሚወጣው አንድ ኪሎ ገደማ ነው፣ የቀረው ገለባ ነው። እናትሽ የገለባውን ክምር አይታ «እሱንም ሽጠዋ» አለችኝ። እስካሁን እንግዳ ሲመጣ ታወራብኛለች።

የአክስትሽ ልጅ ዋጋም ጀንፈል እንዳይሆን። አሜሪካ ውስጥ የመርከብ ዋጋ ሲለጠፍ የወደብ ክፍያውና ግብሩ ለብቻው ተቀምጦ መጨረሻ ላይ መደመሩ የቆየ ልማድ ነበር። ካሊፎርኒያ የግዴታ ክፍያን ደብቆ ማስተዋወቅ የከለከለችበት ሕግ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል ነው ትልልቆቹ ድርጅቶች ጠቅላላውን ከመጀመሪያው ማሳየት የጀመሩት። ቲፕ ደግሞ አለ። እንደ ሲልቨርሲና ሲቦርን ያሉት ቅንጡዎቹ ቲፑንም መጠጡንም ዋጋው ውስጥ ያስገባሉ፣ አብዛኞቹ ሌሎች ግን በየቀኑ በነፍስ ወከፍ ይቆጥራሉ። በቀን 18 ዶላር ነው እንበል፤ ለሁለት ሰው ለ10 ሌሊት 360 ዶላር ሆነ ማለት ነው። ካርድሽ በውጭ ገንዘብ ስትከፍይ የሚቆርጠውንም አትርሺ፣ ብዙዎቹ ካርዶች መቶኛ ይወስዳሉ።

ያንቺን ዋጋ ደግሞ ገልብጠሽ እይው። እንግሊዝ ብዙ ጊዜ መርከቡን ከአውሮፕላኑ ጋር አጣምረው ነው የሚሸጡት። በረራው ያለበት ጥቅል ከሆነ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ያለው አቶል የሚሉት ዋስትና አለው፤ ሻጩ ቢከስር ገንዘብሽ ይመለሳል። በክሬዲት ካርድ ከከፈልሽም ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30,000 ፓውንድ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣው የእንግሊዝ ሕግ ካርዱን የሰጠው ባንክ ከሻጩ ጋር እኩል ተጠያቂ ነው። ይሄ ሁሉ በነፃ አይመጣም፣ አንቺ የምትከፍይው ውስጥ አለበት። (ማታ ማታ በስልኬ ሳነብ ነው የማመሸው፤ እናትሽ ዓይንህ ሊጠፋ ነው እያለች ነው።)

እሺ፣ ሁለቱንም ፈለፈልሽው። አሁንም የእሷ ካነሰ፣ እውነተኛ ልዩነት ነው። ይኖራልም። በመርከብ ጉዞ የአሜሪካን ያህል ትልቅ ገበያ የለም፤ ሻጩ ብዙ ነው፣ ፉክክሩም እንደዚያው። ዋጋው ደግሞ በፓውንድ ለብቻ፣ በዶላር ለብቻ ይወጣል፤ ምንዛሪው ከዚያ በኋላ ሲወጣና ሲወርድ ክፍተቱ ይሰፋል። የቀረውን እኛም እናውቀዋለን። የአጎትሽ ልጅ ከነፈረንጅ ሚስቱ የመጣ ጊዜ፣ እሱ ሆቴሉን በስልክ ጠይቆ አንድ ዋጋ ተነገረው፤ እሷን ይዞ ሲደርስ ያው ክፍል ሌላ ዋጋ ሆነ። አልጋው አልተለወጠም። የተለወጠው የሰው ፊት ነው። ስንቱ ቦታ ለፈረንጅ ሌላ ለአገሬው ሌላ እያስከፈልን፣ አሁን ተራው የአንቺ ሲሆን አመመሽ። እኔም አመመኝ፣ አልዋሽሽም።

አድራሻ መዋሸቱን ግን ተይው። ብዙዎቹ ድርጅቶች የአሜሪካ ወኪሎቻቸው እንግሊዝ ለሚኖር ሰው እንዳይሸጡ ይከለክላሉ። ሲደርሱበት ቲኬቱን ሊሰርዙት ይችላሉ፤ ያኔ የማን ሕግ እንደሚያስጥልሽ እንጃ፣ የለንደኑን ዋስትና ራስሽ ጥለሽዋል። ይልቅ የአክስትሽን ልጅ ዋጋ ይዘሽ ወኪልሽ ጋ ሂጂና ተከራከሪ። ዋጋውን ባይቀንስ እንኳ መርከቡ ላይ የምታጠፊው ገንዘብ ሊመርቅልሽ ይችላል፤ ወኪሎች እንዲህ ያደርጋሉ። የሂርማታ ልጅ ሆነሽ ሳትከራከሪ ገዛሽ ቢሉኝ ሰው ፊት አልቆምም። አንድ ነገር ላይ ግን እሷ ትበልጥሻለች፦ አሜሪካ ቀብዱ ብዙ ጊዜ ቀሪው እስኪከፈል ድረስ ይመለሳል፣ እንግሊዝ ግን ብዙውን ጊዜ አይመለስም። ስለዚህ ቀብድ አትጣይ፣ የእኛ ቪዛ እስኪታወቅ።

ምክንያቱም ከሁላችሁም ውድ ዋጋ ያለው የእኔና የእናትሽ ነው። መርከቡ ከባርሴሎና ተነስቶ ኢስታንቡል ደርሶ ይመለሳል ብለሻል። ሸንገን ከሚሉት፣ በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ወጥቶ እንደገና መግባት ነውና፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ ያስፈልገናል። ክፍያው በሰው 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለክሉንም አይመልሱትም። ለዚያ ደግሞ አዲስ አበባ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድ፣ መመለስ። ብሩ ሐምሌ 2016 በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ዩሮን ወደ ብር መመንዘር ትቻለሁ፣ ለጤናዬም ጥሩ አይደለም። ይሄን ወጪ የአክስትሽ ልጅም አንቺም አታውቁትም። ፓስፖርታችሁን አሳይታችሁ ትገባላችሁ።

እሁድ ስትደውይ ሁለቱን ዋጋዎች በወረቀት ጽፈሽ ጠብቂኝ፦ ግብሩ፣ ቲፑ፣ በረራው፣ ቀብዱ። አንድ በአንድ እናወራርዳለን። እኔ ያየሁት ትልቁ ውሃ እዚሁ ጅማ ያለው ቦዬ ነው፣ ጉማሬውን ጨምሮ፤ ስለዚህ አልቸኩልም።

እናትሽ ግን ከአሁኑ ዕቃ እየሸከፈች ነው። ጀበናውን በፎጣ ጠቅልላ ሻንጣው ውስጥ ከታዋለች፣ ምድጃም ልትፈልግ ነው። እነዚህ መርከቦች እሳት ቀርቶ ካውያ እንኳ ክፍል ውስጥ እንደማያስገቡ አንብቤያለሁ። እኔ አልነገርኳትም። አንቺ ንገሪያት።

አባትሽ