ለድሬ ልጆች የጋራ የፊልም ሣጥን እንግዛ፦ የድጋፍ ጥሪ

ድሬዳዋ ውስጥ በተለያዩ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የምናስተምር መምህራንና የተማሪ ወላጆች ነን። በየትምህርት ቤቱ ወላጅ መምህር ኅብረት፣ በተለምዶ ወመህ በምንለው በኩል ተገናኝተን አንድ ሥራ ጀምረናል። ብቻችንን ግን አንዘልቀውም። ስለዚህ የድሬ ልጆች፣ ከተማ ውስጥም ያላችሁ፣ ከአገር ውጭም ያላችሁ፣ እጃችሁን እንድትዘረጉልን ነው ይህን የጻፍነው።

የምንፈልገው አራት የፊልም ሣጥን ነው። ሣጥን ያልነው በእርግጥም ሣጥን ስለሆነ ነው። ጎማና ጥሩ ቁልፍ ያለው የብረት ሣጥን። ውስጡ ቴሌቪዥን፣ ድምፅ ማጉያ፣ ባትሪ፣ እንዲሁም ዘጋቢና አኒሜሽን ፊልሞች የተጫኑበት ሃርድ ዲስክ ይቀመጣል። የአንድ ትምህርት ቤት ንብረት አይሆንም። በተራ ይዞራል። ሳቢያን ሰፈር ሁለት ሳምንት ከቆየ ወደ ገንደ ቆሬ ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ መጋላ፣ ከዚያ ወደ ከዚራ። ትምህርት ቤት ሁሉ የየራሱን ይግዛ ብንል ማንም አይገዛም፤ አንዱ ቢገዛም ዕቃው ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ በጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጣል። ይህን ያላየ መምህር ካለ እጁን ያውጣ።

«ደግሞ ፊልም ለትምህርት ምን ያደርጋል? ልጆቹ ስልክ ላይ የሚያዩት አነሰ?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሌላም ጥያቄ አለ፣ እሱ ይብሳል፦ «ፕላዝማን ረሳችሁት እንዴ?»

አልረሳንም። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ዘጠነኛ ክፍል የገባ ሰው ፕላዝማን አይረሳም። ትምህርቱ በሳተላይት ክፍሉ ውስጥ ወዳለው ቴሌቪዥን ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ ማንንም አይጠብቅም። «ይህን ጥያቄ ሥሩ» ይላል፤ አንተ ደብተርህን ገልጠህ ሳትጨርስ መልሱን ይነግርሃል። መምህሩ ጥግ ይዞ ይቆማል። ያልገባው ልጅ እጁን ቢያወጣ ማን ያየዋል? ሆኖም እውነቱን እንናገር ከተባለ ሥዕሎቹ ጥሩ ነበሩ። ላብራቶሪ በሌለበት ትምህርት ቤት ብዙዎቻችን የኬሚስትሪ ሙከራ ሲሠራ መጀመሪያ ያየነው እዚያ ነው። የጎደለው ማቆሚያ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው «ቆይ፣ እዚህ ጋ ምን ሆነ?» ብሎ ሊያቆመው አይችልም።

የእኛ ሣጥን ሪሞቱ መምህሩ እጅ ላይ ነው። ዋናው ልዩነት ይኸው ነው። በሥዕልና በድምፅ መማርን ለብዙ ዓመታት ያጠናው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሪቻርድ ሜየርም ከደረሰባቸው ነገሮች አንዱ ይህንኑ የሚደግፍ ነው፦ ሳይቋረጥ ከሚፈስ ትምህርት ይልቅ በትንንሹ የተከፈለና ተማሪው በራሱ ፍጥነት የሚሄድበት ትምህርት በደንብ ይገባል። ስለዚህ አርባ ደቂቃ ሙሉ ፊልም ማሳየት አላሰብንም። የምናሳየው ሦስት ደቂቃ፣ ቢበዛ አምስት ደቂቃ ነው። መጀመሪያ ድምፁ ይጠፋል። ልጆቹ ምን እንዳዩ ራሳቸው ይናገራሉ፣ ይከራከራሉ። ከዚያ በድምፅ ይደገማል። መሃል ላይ ይቆማል፣ ይጠየቃል፣ ደብተር ላይ ይሣላል።

ለምሳሌ የልብን አሠራር እንውሰድ። መጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል አይንቀሳቀስም። ልጁ አራቱን ክፍሎች በቃሉ ይሸመድዳል እንጂ ደሙ ከየት ገብቶ ወዴት እንደሚወጣ ስትጠይቀው ይጠፋዋል። አኒሜሽን ላይ ደሙ ከሰውነት ሲመለስ፣ ወደ ሳንባ ሲሄድ፣ ኦክስጅን ይዞ ሲመጣ፣ በግራ በኩል ተገፍቶ ሲወጣ ያየዋል። ካሜራ ሊገባበት የማይችለውን ቦታ አኒሜሽን ይገባበታል። ግን እዚያው ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ኦክስጅን ያነሰው ደም በሰማያዊ ነው የሚቀባው። መምህሩ ፊልሙን አቁሞ «ሰማያዊ ደም የሚባል የለም፤ ጠቆር ያለ ቀይ ነው፣ ቀለሙ ለመለየት ነው» ካላለ ልጁ ዕድሜውን ሙሉ ደም ሥሩ ውስጥ ሰማያዊ ደም እንዳለ አምኖ ይኖራል። የፕላኔቶችም ነገር እንደዚሁ ነው። አኒሜሽኑ ውስጥ ጎን ለጎን ተሰልፈው ይታያሉ። በእውነቱ ግን ከፀሐይ እስከ ምድር 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ብርሃን እንኳ ስምንት ደቂቃ ይፈጅበታል። አኒሜሽን ለማስረዳት ሲል ይዋሻል። ውሸቱን የሚገልጥ መምህር ካለ ውሸቱ ራሱ ጥሩ ትምህርት ነው።

ዘጋቢ ፊልምም ከዚህ አይሻልም። «በዓይኔ አይቻለሁ» ስለሚያስብል እንዲያውም ይብሳል። በ1958 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የአሜሪካ የዱር እንስሳት ፊልም አለ፤ ኦስካር ተሸልሟል። ሌሚንግ የሚባሉ አይጥ መሰል እንስሳት በጅምላ ከገደል ወደ ውኃ ሲወረወሩ ያሳያል። በኋላ ነገሩ ሲጣራ ሌሚንጎቹ በተፈጥሮ ወደማይኖሩበት የካናዳ ክፍል ተጭነው የመጡ ነበሩ፤ ወደ ገደሉም የነዷቸው ፊልሙን የቀረጹት ሰዎች ናቸው። ያ ውሸት ግን እስከ ዛሬ ከሰው አፍ አልወጣም። ልጆቻችን በየቀኑ ስልክ ላይ ምን እንደሚያዩ ታውቃላችሁ። ካሜራውን ማን ያዘው? ምን ቆርጦ አስቀረ? ሙዚቃውን ለምን ጨመረበት? ይህን መጠየቅ ካልለመዱ ነገ ያዩትን ሁሉ ያምናሉ። ይህን ለማስተማር ደግሞ ከፊልሙ ጋር ተቀምጦ እያቆሙ ማየትን የሚተካ ዘዴ አናውቅም።

አሁን ወደ ልባችን ወደቀረበው ክፍል እንምጣ። ደቻቱ፣ የከተማችን ወንዝ። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ላይ የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎች ገደለ፣ በሺዎች የሚቆጠሩትን ቤት አልባ አደረገ። አሁን ክፍላችን ውስጥ ያሉት ልጆች ያኔ አልተወለዱም። ወላጆቻቸው ሲያወሩ ሰምተዋል፤ ለምን እንደሆነ ግን የነገራቸው የለም። ድሬ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጎርፍ ሊመጣ የሚችለው እንዴት ነው? መልሱ ከከተማው በስተደቡብ ያሉት ተራሮች ላይ ነው። ድሬ ያለችው 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን በደንገጎ በኩል ያለው ደጋ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ የዘነበው ዝናብ ቁልቁል ይወርዳል። ዛፍ የሌለው ተዳፋት ውኃውን አይዘውም። ትንንሹ ሸለቆ ሁሉ አንድ ቦታ ይገናኛል። ያ ቦታ እኛ ሰፈር ነው።

ይህን የሚያሳይ ፊልም ከየትም ገዝተን አናመጣም። ራሳችን መሥራት አለብን። ሐሳባችን የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆች ተራራውንና ወንዙን በወረቀት እየሣሉ በስልክ ካሜራ አንድ በአንድ እንዲያነሱት ነው። ለአንድ ሴኮንድ አሥራ ሁለት ሥዕል ይበቃል፤ ለአንድ ደቂቃ 720 ማለት ነው። ብዙ ይመስላል፣ ግን ሁለት ክፍል ተማሪ ሲካፈለው ቀላል ነው። ሒሳቡንም፣ ጂኦግራፊውንም፣ ሥዕሉንም በአንድ ላይ ይማሩታል። በዚያ ላይ ያንን ሌሊት ያዩ የሰፈር ሰዎች ፈቃደኛ ከሆኑ ያወሩልናል። ፈቃደኛ ከሆኑ ብቻ። ሰው አስለቅሶ ፊልም መሥራት አንፈልግም፣ ለልጆቹም ያንን ማስተማር አንሻም። ጎርፉን ከጨረስን በኋላ የምድር ባቡር ጡረተኞች ዘንድ እንሄዳለን። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ባይደርስ ኖሮ ይህች ከተማ ዛሬ ባለችበት ቦታ አትኖርም ነበር። የባቡሩን ዎርክሾፕ በእጃቸው ያንቀሳቀሱ ሰዎች ደግሞ በየጊዜው እያለፉብን ነው።

አገር ውስጥ መሥራት ይቻላል ወይ ለሚል፣ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የሚለውን የልጆች ዝግጅት አስታውሱ። አዲስ አበባ ተሠርቶ በአማርኛ የተላለፈ ነው፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ጃፓን ፕራይዝ የሚባለውን የትምህርታዊ ዝግጅቶች ሽልማት አግኝቷል። ቀጭኔዋን ፀሐይን የማያውቅ ልጅ ያኔ ጥቂት ነበር።

ቋንቋ ሌላው ጉዳይ ነው። ድሬ ላይ አንደኛ ደረጃ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ይሰጣል። ጥሩ የሳይንስ ፊልም ደግሞ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። የፕላዝማን ጣጣ መድገም ስለማንፈልግ እያንዳንዱን አጭር ፊልም በሦስቱም ቋንቋ ድምፅ እንቀዳለታለን። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሰው ይጠይቃል። ጥርት አድርጎ የሚያነብ፣ በተለይ ሶማሊኛና ኦሮምኛ ተናጋሪ ካላችሁ፣ አቦ ድምፃችሁን ስጡን።

ከኢንተርኔት የተገኘውን ሁሉ አንጭንም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። ለልጆች ሐቀኝነትን እያስተማርን የሰው ሥራ መስረቅ አይሆንም። ባለቤቶቹ በነፃ እንዲሠራጩ የፈቀዷቸውን፣ ለምሳሌ ናሳ ስለ ሕዋ ያወጣቸውን ምስሎችና ፊልሞች እንጠቀማለን። ለሌላው ፈቃድ እንጠይቃለን። ስለዚህ በፍላሽ የተሞላ ፊልም ይዛችሁ ባትመጡ ይሻላል።

ፕሮጀክተር ለምን አልፈለጋችሁም የሚለንም አለ። ፕሮጀክተር ጨለማ ይፈልጋል። እስቲ በግንቦት ድሬ ላይ መስኮት ዝጉና 60 ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጡ! ፊልሙን ሳይሆን በሩን ነው የሚያዩት። አቧራውም ሌላ ነው፤ ማቀዝቀዣውን ደፍኖ በአጭሩ ያስቀረዋል። ቴሌቪዥን መስኮት ተከፍቶም ይታያል። ከኋላ ላለው ልጅ ያንሳል የሚለው እውነት ነው። መፍትሔው ክፍሉን ለሁለት ከፍሎ በተራ ማሳየት ነው፤ አንዱ ሲያይ ሌላው ይሥላል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ባትሪው አለ። 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት የሆነ ባትሪ ግማሹ ብቻ ቢሠራ ቴሌቪዥኑንና ድምፅ ማጉያውን አራት ሰዓት ያህል ይይዛል። አንድ ፈረቃ ማለት ነው።

እንግዲህ የምንለምነው ይህ ነው። 50 ኢንች ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የሚሠራ ቴሌቪዥን አራት፣ ያገለገለም ይሆናል፣ ሪሞቱ ግን እንዳይቀር። አራት ባትሪ ከነኢንቨርተሩ። ስታቢላይዘር የግድ ነው፤ የመብራቱን ጠባይ ሁላችንም እናውቀዋለን። ድምፅ ማጉያ፣ ሃርድ ዲስክ፣ ለድምፅ ቀረጻ አንድ ደህና ማይክሮፎን። የብረት በር የምትበይዱ ወንድሞቻችን ሣጥኑን ብትሠሩልን ብረቱን እኛ እናቀርባለን። ኤሌክትሪክ የምታውቁ በወር አንድ ቀን ብትፈትሹልን ትልቅ ነገር ነው። የተሰበረ ዕቃ ግን አታምጡ። ማደስ አንችልም፣ መጣልም ይከብደናል።

ውጭ አገር ያላችሁ ዕቃ ከመላካችሁ በፊት ጠይቁን። ቀረጡ ከዕቃው ዋጋ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ገንዘቡን ብትልኩና እዚሁ ብንገዛ ይሻላል፤ ሲበላሽም መለዋወጫው እዚሁ ይገኛል። ከተማ ያላችሁ ደግሞ የአንድ ቀን የበርጫ ሒሳብ ብትሰጡን ቅር አይለንም። የሁለት ቀን ከሆነ ለጤናም ሳይጠቅም አይቀርም።

የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን እዚህ ያልጻፍነው ሆን ብለን ነው። እንዲህ ያለ ጥሪ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቁጥሩን ቀይሮ የሚያሰራጭ ሌባ አለ። የልጃችሁ ወይም የእህታችሁ ልጅ ትምህርት ቤት ሄዳችሁ የወመህ ሰብሳቢውን ጠይቁ፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይሰጣችኋል። ሒሳቡ ያለ ሦስት ሰው ፊርማ አይንቀሳቀስም፦ አንድ መምህር፣ አንድ ወላጅ፣ አንድ ርዕሰ መምህር። ለሰጣችሁት ሁሉ ደረሰኝ ትቀበላላችሁ። ምን እንደገባና ምን እንደወጣ በየሴሚስተሩ ሣጥኑ በሚዞርባቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ገንዘቡ ለአራት ካልበቃ በሁለት ሣጥን እንጀምራለን። አንድም ካልሞላ ለሰጪው ይመለሳል።

ዕቃው እስከ ጳጉሜን ቢደርስ ለመስከረም እንደርሳለን። የድምፅ ቀረጻው ግን ክረምቱ ላይ፣ ትምህርት ቤቱ ጸጥ ሲል፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው። ልታነቡልን የምትመጡ ጠዋት ኑ። ክፍሉ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ ፋኑ ከተከፈተ ድምፁ ቀረጻው ውስጥ ይገባል፣ ያለ ፋን ደግሞ ከአራት ሰዓት በኋላ አይቻልም።