ስለሚያመልጠው ጋዝም ይነገረን

ክቡር አዘጋጅ፣

በሶማሌ ክልል የሚገኘው የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ከድንጋይ ከሰል ይልቅ ንጹሕ ነው ሲባል፣ ሲቃጠል የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከከሰሉ በግማሽ ገደማ ስለሚያንስ አባባሉ እውነትነት አለው፤ ይሁን እንጂ ሳይቃጠል የሚያመልጠው ሚቴን (የተፈጥሮ ጋዝ ዋነኛ ክፍል) በ20 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ ምድርን ያሞቃልና፣ ከጉድጓዱና ከቧንቧው የሚሾልከው ጥቂት በመቶ እንኳ ያንን ብልጫ ሊያጠፋው ይችላል።

አራት ኪሎ በሚገኘው ቤቴ የምድጃዬን ሲሊንደር በቀየርኩ ቁጥር መጋጠሚያውን የሳሙና አረፋ ቀብቼ ጋዝ እንዳይሾልክ አረጋግጣለሁ፤ ሚቴን ግን ቀለምም ሽታም ስለሌለው በልዩ መሣሪያ ካልተፈለገ አይታወቅም። ኤሌክትሪካችን በአብዛኛው ከውኃ ኃይል የሚገኝ በመሆኑም (ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል) ጋዙ በማመንጫዎቻችን የሚተካው ከሰል የለም። ስለዚህ የሚያመልጠው መጠን በየጊዜው ተለክቶ ለሕዝብ ይፋ እንዲሆን፣ ጋዜጣችሁም ይህንኑ እንዲጠይቅ በአክብሮት አሳስባለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ